ለምርመራ የተጠጣ ኮሶ

ላሊበላ ላይ ለአምስተኛ ክፍል የሰውን አካል አስተምር ነበር። ልብ ደም ይረጫል፣ ሳንባ አየር ይስባል፣ ኩላሊት ያጣራል። ጨጓራ የፈጨውን አንጀት ይመጥጠዋል፣ ደም ደግሞ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ያደርሰዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ልጆቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ አስደግማቸው ነበር። እኔው ረሳኋት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ!

በዚያ ዓመት ገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምል የተከታዬ፣ የአንድ ወንድሜ ስም ገባበት። ከሰፈራችን ቀድመው የሄዱት አልተመለሱም፤ ደብዳቤ የለ፣ መርዶ የለ። እናታችን እህል አልወርድላት አለ። የቀረን ተስፋ የጤና ምርመራው ብቻ ነበር።

«እታለም፣ መቼም አንቺ ተምረሻል። ምን ብሆን ነው የሚተዉኝ?» አለኝ።

«ኮሶ ትጠጣለህ» አልኩት።

በእኛ አገር ለትሉ ብሎ ኮሶ የጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ድሮ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ዳኛም አይጠራው ነበር። ለደርግ ግን ይኼ ምክንያት አይሆንም፤ ስለዚህ በዛ አድርጎ ጠጥቶ እዚያው ፊታቸው ዝልፍልፍ ይበል ብዬ አሰብኩ። ጉድ እኮ ነው የኔ ብልጠት! ከአሸተን ማርያም መንገድ የለቀምኩትን አበባ ወቀጥኩ፤ አንድ እፍኝ ይበቃ የነበረውን ሦስት እፍኝ በጥብጬ ሰጠሁት። ማለዳ በባዶ ሆዱ ጨለጠው።

ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ረፈደ። ላብ አጠመቀው። እናታችን «ልጄን ገደልሽው!» ብላ ጮኸች፤ «ዝም በይ እማዬ፣ የምንፈልገው ይኼንኑ ነው» አልኳት። ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ በየድንጋዩ ይደናቀፋል። አወቀበት፣ ጎሽ! አልኩ በሆዴ።

ድሬሰሩ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አሳረፈ። «ልቡ ደህና ነው» አለ። ጀርባውን አዳመጠ። «ሳንባውም ደህና።» ሆዱን ጫን ጫን አደረገ። «ተቅማጥ ነው፣ በሁለት ቀን ይተወዋል።» አብሮት የተቀመጠው ካድሬ ሊጽፈው እስክሪብቶውን አነሳ።

«ይኼ ስንት ጣት ነው?» አለ ድሬሰሩ።

«የቱ?» አለ ወንድሜ።

ካድሬው ተነሥቶ ጣቱን ድንገት ወደ ዓይኑ ሰነዘረ። ወንድሜ ዓይኑን አላርገበገበም። ወይ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ጀግና መሆኑን መች አወቅኩ! «ይኼ አይረባንም፣ ውሰጂው» አለኝ ካድሬው።

እጁን ይዤ ወጣሁ። ቀትር ነበር፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከጽዶቹ ጀርባ ማንም እንደማያየን ባየሁ ጊዜ በደስታ ቆነጠጥኩት።

«በል ይበቃል፣ አሁን በራስህ ሂድ» ብዬ እጁን ለቀቅኩት።

ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። እጁን ዘርግቶ በአየር ላይ ይፈልገኛል።

«አትልቀቂኝ እታለም። ከጠዋት ጀምሮ ጨልሞብኛል። የኮሶው ነው፣ ይለቀኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

አልለቀቀውም። ይኸው እስከ ዛሬ እጁን ይዤ የምመራው እኔ ነኝ።