ከአውሮፕላኑ የወረድኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ለሥራ ወደ ምሥራቁ በረሃ በርሮ ያረፈበትን የአውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ በስልክ ላከልኝ። መስታወት የለበሰ አዳራሽ፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች። እዚህ ፍኖተ ሰላም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እኔ ውሃ ቀድቼ ጠጣሁ። ያን በረሃ አውቀዋለሁ።

እዚያ በተደረገው ጦርነት ጊዜ ከቡሬ የሄድኩ ቁስል አሳሪ ነበርኩ፤ ገና ልጅ እግር። ማረፊያው ያኔ ጠጠር የተደለደለበት ሜዳና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ውሃው በነዳጅ በርሜል ስለሚመጣ በሶ ስበጠብጥበት እንኳ ነዳጅ ነዳጅ ይለኛል። አውሮፕላን ጥይት አራግፎ ቁስለኛ ጭኖ ይመለሳል፤ ሞተሩን ግን አያጠፋም፤ ከኮረብታው ማዶ የጠላት መድፍ ነበርና።

የመጨረሻው ነው የተባለው አውሮፕላን የመጣ ዕለት እኔም ከቁስለኞቹ ጋር እንድወጣ ታዘዝኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ። መድፉ እየቀረበ ነው፤ በፈነዳ ቁጥር ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጫኙ ሃምሳ አለቃ በሩን ሊዘጋ ሲል ውጭ ቃሬዛ ላይ የቀረ አንድ ወታደር አየሁ፤ ጠዋት እግሩን ሳስርለት በአነጋገሩ የአገሬ ልጅ መሆኑን አውቄ ስለ ቤተሰቦቻችን ያወጋነው፣ አየነው የሚባለው ነበር። ሃምሳ አለቃውን ብለምነው፣ ጭነቱ ሞልቷል፣ አንድ ሰው አይጨመርም አለኝ። አየነው ሰምቶናል።

«እህቴ፣ ጅጋ ለእናቴ ንገሪልኝ» አለኝ።

«ራስህ ትነግራታለህ» አልኩና ወረድኩ።

ሃምሳ አለቃው ሊከራከረኝ ጊዜ አልነበረውም፤ ተጋግዘን በእኔ ቦታ አስገባነው። አውሮፕላኑ ተንደርድሮ እንደተነሣ የመድፍ ጥይት አጠገቤ ወደቀ። የማስታውሰው አፌን የሞላውን አፈር ብቻ ነው። ከተረፉት ጋር በእግር፣ እሾህ ለእሾህ እየተደበቅን ወጣን።

ከወራት በኋላ፣ ጤፍ ሲታጨድ ቡሬ ገባሁ። በአባቴ ግቢ ዳስ ተጥሎ ጠላ ይቀዳል፤ ሰርግ መሰለኝ። መጀመሪያ ያየኝ በምርኩዝ የቆመው አየነው ነበር። በአውሮፕላኑ መስኮት ጥይቱ በቆምኩበት ሲወድቅ አይቶ፣ መርዶዬን ለአባቴ ያመጣው እሱ ነው። ዳሱ የእኔ ተዝካር ነበር።

አባቴ አቅፈውኝ ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረው፣ «አባ፣ ፍትሐቱ እንግዲህ ምን ይሁን?» አሉ።

«በዚያ በረሃ ለቀሩት ይሁን» አሉ ቄሱ።

አየነው ልጅ የልጅ ልጅ አይቶ አምና ዐረፈ። ሰዎች ደግነቴን ያወራሉ። እኔን ግን አሁንም ሚኒባሱ ጅጋ ሲደርስ የሚያስደነግጠኝ ያ መድፍ አይደለም፤ ያን ቀን ከተቀመጥኩበት ባልነሣ ኖሮ መርዶውን ይዤ የእናቱን ደጅ የማንኳኳው እኔ መሆኔ ነው።