የትርንጎ ሌባ ጣት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤቴል አንድ ጥፍር ቤት ይዛኝ ሄደች። ሠራተኛዋ ከቤቴል ጥፍር ጫፍ ሥር ወረቀት ሰክታ፣ ጄል የሚሉትን ዝልግልግ ነገር በብሩሽ እየቀባች ታስረዝምላት ጀመር። ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም። «ከሥሩ አሳሺው የኔ ልጅ፤ እንዲህ ከወፈረ ይነሳብሻል» አልኳት። ቀና ብላ ነጠላዬን አየች፣ ጫማዬን አየች፤ ከዚያ የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። አየር ጤና፣ በደርግ ጊዜ፣ ጥርስ ቤት አልኳት። ሳቀች። ትሳቅ፤ እውነቴን ነው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሰው ቀጥረውኝ ነበር። ቁጡ ናቸው፤ ከአፋቸው ምስጋና አይወጣም። ሮዝማውን ዱቄት አፍንጫ በሚሰነፍጥ ፈሳሽ አቡክተን የድድ ቅርጽ እናወጣለን፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሞቃል። ዕቃው እንደ ልብ ስለማይገኝ ጥቂት ብናፈስ ጉዳችን ነበር።

ጎረቤቴ ትርንጎ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ክራር ትጫወታለች። በዚያ ክረምት ደመወዝ ያለው ትልቅ ቡድን ተጫዋች ሊመርጥ ነው ተባለና ቅዳሜ እንድትፈተን ተጠራች። አባቷ አንድ ጊዜ ሞክሪ፣ ካልሆነልሽ ጅማ አጎትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ ብለው ቆርጠዋል። የምትደረድረው በጥፍሯ ነው። እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ቦኖ ውሃ ስትቀዳ የባልዲው እጀታ የሌባ ጣቷን ጥፍር ገመሰው። በዚያ ጭቃ እየሮጠች መጥታ የጥርስ ቤቱ በር ላይ ቆመችና ጣቷን አሳየችኝ።

«ጥርስ የምትሠሪ ልጅ ጥፍር ያቅትሻል?» አለችኝ።

እንዲህ ተብሎ እምቢ ይባላል? ጋሽ ደምሴ ለምሳ ሲወጡ ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት አውጥቼ ከተሰበረው ጥፍር ሥር አስገባሁና ሊጡን በላዩ ጋገርኩት። እንደ መስተዋት እስኪያበራ ወለወልኩት። በማግስቱ ጠዋት ተነቅሎ በመሐረብ ቋጥራው መጣች። ሁለተኛውን እንዳይነቀል ብዬ አወፈርኩት፤ ድምፁ ክር ሳይሆን እንጨት የመታ መሰለ፤ እሱም ሐሙስ ወደቀ። ያንን እያገላበጥን ሳለ ጋሽ ደምሴ ከች አሉ። ተባረርኩ አልኩ በልቤ።

መነጽራቸውን አደረጉና የወደቀውን ጥፍር አነሱት። «ጥርስ ስትሠሪ በድዱ በኩል ያለውን ታለሰልሺዋለሽ?» አሉኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ይሄ በለስላሳ ጥፍር ላይ ምኑን ይዞ ይቆይ?»

የዱቄቱን ማሰሮ ሳይከድኑ ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወጡ።

ዓርብ ጣቷን በሳሙና አጥቤ፣ የፀጉር ቅባቷን አስለቅቄ፣ በደንብ አደረቅሁት። የራሷን ጥፍር አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ ብቻ፣ ሳልጫነው፣ በደቃቅ ሞረድ ነካ ነካ አደረግሁ። ሊጡን ከሥሩ አሳሳሁት፤ ስብራቱ ላይ ከፍ አደረግሁት፤ ወደ ጫፉ ደግሞ አቀጠንኩት። ከደረቀ በኋላ እሷ ክሩን ትነካለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ ትንሽ እሞርዳለሁ፣ እንደገና ትነካለች። በመሃል የተጠበሰ በቆሎ እሸት በላን፤ እሷ ያቺን ጣት ወደ ላይ ቀስራ። አመሻሹ ላይ ክራሩ የድሮ ድምፁን አወጣ።

ጋሽ ደምሴ መጥተው ጣቷን ያዙና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። መልሰው ዳሰሱት። «መጋጠሚያው የት ነው?» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህን የሰማ ሌላ ሰው አላውቅም። ወደ ቤት ስሄድ ጭቃውን እንኳ ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ከአዳራሹ መስኮት ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ግማሹ አልተሰማኝም፤ የተሰማኝ ግን ንጹሕ ነበር። ትርንጎ አለፈች። ጡረታ እስክትወጣ ክራር ስትመታ ኖረች። የእኔ ጥፍር ግን ወር አልሞላውም፤ የራሷ ሲያድግ በመቀስ ቆርጣ ጣለችው። ልክ አደረገች።

ከዚያ ወዲህ በእጄ የሠራሁት ጥርስ ስንቱን እንዳበላ እግዜር ይቁጠረው። ለጥፍር ቤቷ ልጅ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ጋሽ ደምሴ ዘንድ የገባሁት ማትሪክ ወድቄ ነው፤ ሰው ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ መሬት መሬት አይ ነበር። ከዚያች ዓርብ በኋላ ግን ቀና ብዬ ባለሙያ ነኝ እላለሁ።