የዘመመችው ቪትዝ

ሰምሀል ቀጨኔ ተወልዳ ያደገች፣ በቪትዝ መኪናዋ ሰው እያመላለሰች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ያን ሰሞን ንዴት አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር።

መኪናዋ የኋላ ሞላዋ ከተቀየረ ወዲህ ወደ ግራ ዘምማለች። ተሳፋሪው ሁሉ «እህቴ፣ ጎማሽ ተንፍሷል እንዴ?» ይላታል። ሞላውን የቀየረው መካኒክ ይገዙ ግን ሁለቴ ብትመለስ ሁለቴም «መንገዱ ነው የዘመመው፣ መኪናሽ ምንም አልሆነች» አላት። በሁለተኛው ቀን ሳቅም ጨመረበት።

«ሳቀብኝ እኮ!» አለች ቤቷ ገብታ፣ ቁልፉን ሶፋው ላይ ወርውራ። «በቃ፣ ራሴ እለካታለሁ!»

ለመለካት ደግሞ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ መቆም አለባት። ቀጨኔ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ከየት ይመጣል? ከእሷ ደጅ ያመለጠ ሎሚ ወንዝ ሳይገባ አይቆምም። ሲሚንቶ የፈሰሰበት ለጥ ያለ ግቢ ያላቸው ጎረቤቷ አቶ ጉልላት ብቻ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ በጎርፍ ቦይ ተጣልተው ከክረምት ጀምሮ ሰላምታ የላቸውም።

ጎማዎቹን እኩል አስነፋች፣ ከኋላ ያለውን ዕቃ ሁሉ አራገፈች። ከዚያ በራቸውን አንኳኳች።

«ግቢዎን ለትንሽ ጊዜ ፈልጌ ነበር።»

«ቦዩን ሳታስጠርጊ?»

«የደፈኑት እርስዎ ነዎት! አሁን ግን የመጣሁት ለመኪናዬ ነው።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ ከፈቱላት። ሰምሀል መኪናዋን አቁማ፣ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ ለቀቀቻትና ከጎማው እምብርት ከላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ በሜትር ለካች። የኋላ ግራው ከቀኙ በሦስት ጣት ዝቅ ይላል። መኪናዋን አዙራ አቆመችና ደግማ ለካች። ያው ነው።

«አዙሬም ያው ነው! መሬቱ አይደለም!» ብላ ጮኸች።

አቶ ጉልላት ጎንበስ ብለው ሜትሩን አዩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሳይጠየቁ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። «በይ ንጂ!» አሏት።

ጋራዡ ሲደርሱ ይገዙ ገና «መንገዱ...» ከማለቱ ሽማግሌው ከሰምሀል በላይ ጮኹ።

«የእኔ ግቢ ነው የዘመመው? በውሃ ልክ ያስፈሰስኩት ሲሚንቶ!»

ሰው ተሰበሰበ። ሰምሀል ወገቧን ይዛ «እዚሁ ሰው ፊት ፍታው!» አለችው። መሸሽ አልቻለም፤ ፈታው። የግራው ሞላ ቀለም የተቀባ አሮጌ ነበር፤ ከቀኙ ጎን ሲያቆሙት አጠረ።

ይገዙ ላብ አጠመቀው። «ይቅርታ እህቴ፣ ዕቃ ሻጩ ነው የሸወደኝ...»

«ሻጩ አልሳቀብኝም!» አለችው።

ያለ ምንም ክርክር ሁለቱንም በአዲስ ቀየረላት። እሷም ሜትሯን አውጥታ እዚያው ለካች፤ እኩል ሆነ። ያም ሆኖ ንዴቱ ስላልበረደላት ወደ ቤት ስትነዳ ነዳጁን ትረግጠው ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ አቶ ጉልላት «ቀስ በይ፣ ልጄ» አሏት።