ለሩቂያ የጻፍኳቸው አሜባዎች

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የተጀመረው በክብሪት ሳጥን ነው። ሮቤ ውስጥ ከአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ገብቼ የነጭ ካፖርቴን ቁልፍ ቆልፌ ሳልጨርስ፣ አንድ አዛውንት በመስኮቱ በኩል በቅጠል የተጠቀለለ የክብሪት ሳጥን አቀበሉኝ። ክብሪት የሰጡኝ መስሎኝ አመሰገንኩና ኪሴ ልከተው ስል፣ ኃላፊው አቶ ግርማ እጄን ያዙኝ።

«ደረጀ፣ እሱ ሰገራ ነው» አሉኝ።

አቶ ግርማ ሲኒየር ቴክኒሽያን ነበሩ፣ እኔ ጁኒየር። በዚያው ቀን ሥራውን አሳዩኝ። በቀጭን እንጨት የክብሪት ራስ የምታህል ሰገራ መቆንጠር፤ በስላይዱ አንድ ጫፍ ላይ በጨው ውሃ፣ በሌላው ጫፍ ላይ በአዮዲን መበጥበጥ፤ አረፋ እንዳይገባ መሸፈኛውን መስታወት አዘንብሎ ማሳረፍ፤ መጀመሪያ በአስሩ ሌንስ፣ ከዚያ በአርባው፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ከጥግ እስከ ጥግ ማየት። ደምና ንፍጥ ያለበት ከመጣ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱን ማስቀደም፤ አሜባ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ መንቀሳቀሱን ያቆማል። «የቆየ ሰገራ ይዋሻል» ይሉ ነበር።

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ቤት መሣሪያ ላይ ነው የሚሠራው» ትል ነበር። በመሣሪያው የሚታየው ምን እንደሆነ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ዓይኔ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ወይም ትንሽ ለመኩራራት ነው። ሌላው ሁለቴ የሚያየውን እኔ አንዴ አይቼ እጨርስ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮት አዙሬ በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን እየሰበሰብኩ እሠራለሁ። ከዓመታት በኋላ እዚያው ሮቤ አንድ የግል ክሊኒክ ሲወስደኝ የወሰደኝ በዚህ ዓይኔ ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ታምሩ ጤና መኮንን ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በሽተኛ ሲያለቅስ አብሮ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር ዓይነት ሰው ናቸው። ግን አንድ ነገር አይወዱም ነበር፤ «ምንም አልታየም» የሚል ወረቀት።

«ደረጀ፣ ይሄ ሰውዬ ከዲንሾ ብርድ እየበላው መጥቷል። ምንም የለህም ብለን ልንመልሰው ነው?» አሉኝ ገና በገባሁ ሰሞን።

በሽተኛውም ያው ነበር። ባዶ ወረቀት የደረሰው ሰው «ማሽናችሁ ደካማ ነው» ብሎ ወረቀቱን ጥሎ ወደ ቀጣዩ ክሊኒክ ይሄዳል። እዚያ «አሜባ» ይሉታል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ሆዱ የሚሻለው በራሱ ጊዜ ነው፣ እኛ ደካሞች እንባላለን። ቀስ በቀስ እኔም ለመድኩ። በሌንሱ ሥር ክብ ነገር ካለፈ «ጥቂት አሜባ» እጽፋለሁ። በሰገራ ውስጥ ክብ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያልፋል። ብዙዎቻችን እንዲህ ሠርተናል፤ ይህን የሚያነብ ባልደረባ ካለ ያውቀዋል።

ሩቂያ የመጣችው በዚህ ዘመን ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሎ መና ማርና ቡና እያመጣች ሮቤ የምታስረክብ ነጋዴ። መስኮቱ ላይ ቆማ «ኦቦ ደረጀ፣ አካም ጂርቱ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝ። መስኮቴ ላይ ሰው ሁሉ ይጣደፋል፤ እሷ ግን ሰላምታዋን ሳትጨርስ የሰገራ ዕቃዋን አታቀብልም።

ዕቃው ውስጥ ደምና ንፍጥ ነበር። ወዲያው አየሁት። ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ ትልቅ ክብ ነገር አገኘሁ። «አሜባ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ያየሁት እሱን ነው ብዬ አምኜ ነበር። አቶ ታምሩ ኪኒን አዘዙላት።

ከወር በኋላ ተመለሰች። ያው ደም፣ ያው ንፍጥ። ያው ክብ ነገር። አሁንም አሜባ። በሦስተኛው ግን እውነቱን ልናገር፤ ስላይዱን ከማየቴ በፊት ምን እንደምጽፍ አውቅ ነበር። በአራተኛው መሸፈኛውን መስታወት ካሳረፍኩ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ አይቼ ብዕሬን አነሳሁ።

በመሃል ሌላም ቦታ ሄዳለች። አንዱ ሐኪም «ጨጓራ ነው» አላት። ሌላው ኪንታሮት አላት። ሌላው ደሟን መርምሮ ታይፎይድ አላት። አንዱ ደግሞ «ሐሳብ ታበዢያለሽ» ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጣት። ዘመዶቿ ጥቁር አዝሙድ በማር አበሏት፣ ሼኹ ውሃ ላይ ቁርኣን ቀርተውላት ጠጣች። ክብደቷ በየጊዜው ሲቀንስ በሻርፗ ውስጥ ይታይ ነበር። አሻግሬ እያየሁ «መድኃኒቱን በደንብ አልጨረስሽም» እላት ነበር። ይህን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ከመጀመሪያ ቀኗ አራት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ጠዋት በመስኮቱ ፈንታ በበሩ ገባች። በእጇ ፌስታል ነበር። የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቶች ዘረገፈች። ሰባት ነበሩ፤ ሁሉም የኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁሉም አሜባ።

«ኦቦ ደረጀ፣ ኪኒኑ ይገድለዋል ብላችኋል። ሰባት ጊዜ ገድዬዋለሁ። ታዲያ ማነው የሚመልሰው?» አለች።

«ውሃው ይሆናላ። አትክልቱም...»

«ውሃ አፍልቼ ነው የምጠጣው። ልጆቼ ያንኑ ይጠጣሉ፣ ጀማልም ያንኑ ይጠጣል። እነሱ ደህና ናቸው።» ጀማል ባሏ ነው። «ወላሂ ደክሞኛል። ባለፈው ረመዳን ስንት ቀን እንደጾምኩ ያውቃሉ? ስድስት። ሥራዬንም ትቻለሁ። ደሎ መና የሚሄደው አውቶቡስ ከጎባ ወጥቶ ሳኔቲ አምባ ላይ ሲደርስ ያውቁታል፤ እስከ ሪራ ዛፍ የለም። ሹፌሩን አቁምልኝ ብዬ ወረድኩ። የት ልሂድ? አንድ ጅብራ፣ ያቺ የደጋ ተክል ነበረች፣ እሷ ሰው ትሸፍናለች? ወንዶቹ በመስኮት ያያሉ። ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገዱን ለጀማል እህት ሰጠኋት።»

ከወረቀቶቹ አንዱን አንስቼ የራሴን ጽሑፍ አየሁ። እሷ ቀጠለች።

«አዲስ አበባ ውሰደኝ ስለው ጀማል እነዚህን ወረቀቶች ያነባል። ለአሜባ ማን አዲስ አበባ ይሄዳል ይለኛል። እሱም አልተሳሳተም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። ዱጋ ይንገሩኝ፣ እውነቱን። ያዩት አሜባ ነው?»

ማንም ሐኪም፣ ማንም ኃላፊ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ተናደድኩባት፤ ወዲያው ደግሞ የተናደድኩት መልሱን ስለማላውቀው መሆኑ ገባኝ።

«ዕቃ ልስጥሽ። እዚሁ አምጪልኝ፣ ትኩሱን» አልኳት።

ሁለት ስላይድ ሠራሁ። አንዱን በጨው ውሃ። ሌላውን አክታ ስንመረምር በምንጠቀምበት ሰማያዊ ቀለም። በሩን ዘግቼ፣ አቶ ግርማ እንዳስተማሩኝ፣ ከጥግ እስከ ጥግ አየሁ። ክቡ ነገር ነበር፤ ደም ውጦም ነበር። ግን አሜባ እግር አውጥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ይህ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ የትም አይሄድም። በቀለሙ ስላይድ ደግሞ መሃሉ ላይ ያለው አስኳል ትልቅና ወደ ጎን የሸሸ ነበር። የአሜባ አስኳል ትንሽ፣ ክብ፣ መሃሏ ላይ ነጥብ ያላት ናት። ዙሪያውን የመግል ሕዋስ ሞልቷል።

ያየሁት የራሷ ነጭ የደም ሕዋስ ነበር። አንጀቷ ሲቆስል ቁስሉን ሊጠርግ የመጣ፣ የፈሰሰውን ደም የበላ ሕዋስ። የሰባቱ ጊዜ አሜባዬ እሱ ነበር። ይህን ልዩነት በትምህርት ቤት ሥዕሉን ሥዬ ፈተና ተፈትኜበታለሁ፣ ሙሉ ነጥብም አግኝቼበታለሁ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፤ «ጥገኛ ተሕዋስ አልታየም። ብዙ የመግል ሕዋስና ደም ታይቷል። ከዚህ በፊት በዚህ ላቦራቶሪ አሜባ ተብለው የተሰጡ ሰባት ውጤቶች አስተማማኝ አይደሉም። የታዩት ነጭ የደም ሕዋሳት ሳይሆኑ አይቀርም።» ፈረምኩና ወደ አቶ ታምሩ ቢሮ ይዤው ገባሁ።

ሁለቴ አነበቡት። «የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ይበቃሉ። የቀረውን ቁረጠው» አሉኝ።

«የቀረው ካልተጻፈ የሚያየው ሐኪም ስምንት ወረቀት ነው የሚያየው። ሰባቱ አሜባ ይላሉ። ለየትኛው ያደላል?»

«አንተ ላቦራቶሪ ነህ፤ ያየኸውን ትጽፋለህ።»

«ስህተቴንም ያየሁት እዚያው ላቦራቶሪ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ነገ ሰው ሁሉ የድሮ ወረቀቱን ይዞ በሬ ላይ ቢሰለፍስ?» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ደፋር መስዬ የቆምኩት ወንበር ስላልጋበዙኝ ነው።

ይህን ስንባባል ሩቂያ ገባች። ስታዳምጥ ነበር። ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«አቶ ታምሩ፣ እርስዎን አልከስም። ክስ አንጀቴን ቢያድነው ኖሮ እከስ ነበር። ወረቀቱ ላይ ማህተም ያድርጉልኝና እሄዳለሁ» አለች።

ማህተሙን ከመሳቢያ አውጥተው መቱት። የሪፈር ወረቀቱንም ራሳቸው ጻፉ፤ በትልቁ አንጀት ውስጥ በካሜራ እንዲታይ ብለው። ስትወጣ እስከ በሩ ሸኟት።

ጀማል ያን ወረቀት አንብቦ ወደ ከብቶቹ ወጣ፤ ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው። በሳምንቱ ሁለት በሬ ሸጦ አብሯት ሄደ።

አዲስ አበባ የመጀመሪያው ሐኪም ገና ደም ያለበት ተቅማጥ ስትለው የአሜባ ኪኒን ሊጽፍላት ብዕር አነሳ። ወረቀቱን ዘረጋችለት። አነበበና ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ወረፋ፣ ከዚያ ቀጠሮ፣ ከዚያ ማሽኑ ተበላሽቶ ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ በካሜራ ታየች፣ ከአንጀቷ ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረ። ቲቢ አለመሆኑን አረጋገጡ። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ያለ ተሕዋስ ራሱ በራሱ የሚቆስልበት በሽታ። አይድንም። በመድኃኒት ግን ይተኛል።

ስትመለስ ላቦራቶሪ መጣች። ፊቷ ሞላ ብሏል፤ መድኃኒቱ ፊት ያሳብጣል። ሰላምታዋን እንደ ልማዷ ጨረሰች።

«ስሙን ሲነግሩኝ አለቀስኩ። ዶክተሩ አይዞሽ፣ በመድኃኒት ይያዛል ይለኛል። የማለቅሰው ለበሽታው መሰለው» አለች።

«መንገዱስ?» አልኳት።

«ከጀማል እህት ጋር እሄዳለሁ። ደንበኞቹ አሁን የሷ ናቸው። እኔ አጃቢ ነኝ።» ከዚያ ጠየቀችኝ። «ኦቦ ደረጀ፣ ያኔ የመጀመሪያ ቀን አልታየም ብለው ጽፈው ቢሆን ኖሮ እነዚህ አራት ዓመታት ይቀሩልኝ ነበር?»

«በመጀመሪያው ቀን ላይሆን ይችላል። በሦስተኛው ግን አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። መድኃኒቷን ቦርሳዋ ውስጥ አስተካክላ «ገለተ ረቢ» ብላ፣ ፈጣሪን አመስግና ወጣች።

ክሊኒኩ በር ላይ የተሰለፈ ሰው አልነበረም። አቶ ታምሩ እስክለቅ ድረስ ስለ ወረቀቱ አላነሱብኝም፤ «አልታየም» ብዬ ስጽፍም አልከለከሉኝም። አንዳንዱ በሽተኛ ወረቀቱን ጥሎ ሄደ። የሄደውን አላቆምኩትም።

ለቀጣዮቹ ቴክኒሽያኖች የምለው ይኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ ሕመም ለሦስተኛ ጊዜ መስኮታችሁ ላይ ከቆመ፣ ስላይዱን ከመሥራታችሁ በፊት የቀድሞ ውጤቱን ፈልጉ። የጻፋችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ ሌላ ሰው እንደጻፈው አድርጋችሁ ጠርጥሩት።