ከዩኒፎርሙ የጎደለው ቁልፍ

ባሌ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ጦርነቱ በበረታበት ወቅት፣ ለፈቃድ ወደ አዋሳ ሲመጣ እንኳ ሥራው አብሮት ይመጣ ነበር። ሐይቅ ዳር በተከራየናት ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ተዋጊ አውሮፕላን ይጠርባል።

«በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ» አለኝ አንድ ቀን፣ «አካሉ ያማረ፣ ሞተሩ ግን ከፍ ሲል የሚደክምበት አውሮፕላን ነበር። የሌላ አገር ሞተር ገጠሙለት። ከዚያ ወዲያ የሚስተካከለው ጠፋ።»

«እንደ ጋብቻ በለኛ! እኔ የቱ ነኝ?»

«አንቺማ ሞተሩ ነሽ። ድምፅሽ ገበያ ድረስ ይሰማል።»

አውሮፕላኑን በክር ከጣሪያው አንጠለጠለው። አፍንጫው ውስጥ ለሞተርነት የከተተውን ቀጭን ቡሎን አውጥቶ ወፍራም ሲተካበት አውሮፕላኑ በአፍንጫው ተደፋ።

«አየሽ? ሞተር መለወጥ ቀላል ነው። ከባዱ አካሉን ከእሱ ጋር ማስማማት ነው።»

ሚዛኑን ለማስተካከል ክሩ የታሰረበትን ክንፍ ወደፊት ማምጣት ነበረበት፤ ፈቃዱ ግን በማግስቱ ያልቃል። ቤት ከሚያስቀምጠው የክት ዩኒፎርሙ ላይ አንድ የናስ ቁልፍ በጥሶ ጭራው ውስጥ ሸጎጠ። አውሮፕላኑ ቀጥ አለ።

«ስመለስ ክንፉን አስተካክላለሁ፤ አንቺ ቁልፉን ትሰፊልኛለሽ።»

አልተመለሰም። አስከሬኑም አልመጣም። ሬሳ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብስ ይወጣልና ታላቅ እህቱ ዩኒፎርሙን ከሣጥን አወጡት። ጣታቸው ባዶው ቦታ ላይ ቆመ።

«ቁልፉስ?»

«እዚያ ነው፣ እትዬ።» ወደ ላይ አሳየኋቸው።

«ታዲያ አውርጂዋ! ሰው ለወንድሜ በጎደሎ ልብስ ሊያለቅስለት ነው?»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ጭራውን ያዝኩት። ቁልፉን ካወጣሁት ይደፋል፤ ክንፉን የሚያስተካክል ደግሞ ከእንግዲህ የለም። ባዶ እጄን ወረድኩ። ከለበስኩት ጥቁር ቀሚስ አንገት ላይ ቁልፉን በጠስኩና ዩኒፎርሙ ላይ ሰፋሁት።

«ይሄ የሴት ቁልፍ ነው እኮ!»

«የእኔ ነው፣ እትዬ።»

እሳቸውም ጎንበስ ብለው የተረፈውን ክር በጥርሳቸው በጠሱልኝ።

ከአርባው በኋላ ዩኒፎርሙን ይዘውት ሄዱ። ጥቁሩን እስካወልቅ ድረስ የቀሚሴን አንገት በመርፌ ቁልፍ እይዘው ነበር። አውሮፕላኑ አሁንም እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲገባ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አይደፋም። አንዳንድ ቀን ነፋሱ ሲያባራ አፍንጫው ሊሄድ እንደተነሳ ወደ በሩ ዞሮ ይቆማል። ያኔ ተነስቼ በጣቴ እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው መስኮት እመልሰዋለሁ።