የዋሻው በር

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዋሻ የጠበቀ ሰው ምን ያውቃል? ምንም! እንዲያ ነው ያሉት፣ ዋሻውን በፎቶ እንጂ በዓይናቸው ያላዩት አለቆች።

ዘበኛው ግን የሌሊት ወፎቹን እንደ ጎረቤት ያውቃቸዋል። እናቲቱ በዓመት አንድ ብቻ ነው የምትወልደው። አመሻሽ ላይ ግልገሏን ጣሪያው ላይ ትታ ትንኝ ፍለጋ ትወጣለች፤ ስትመለስ ከዚያ ሁሉ ግልገል መሃል የራሷን በድምፁና በጠረኑ ለይታ ታጠባለች። ይህን ሲያወራ ሚስቱ፣ "ለመሆኑ ያገባኸው እኔን ነው እነሱን?" ትለዋለች፤ ይስቃል።

መሥሪያ ቤቱ ጎብኚ እንዳይገባ የብረት በር ላስገጥም ሲል ግን ሳቁ ጠፋ። ንድፉን አየው፤ ብረቱ ቁልቁል፣ ክፍተቱ ሁለት ጣት!

"ጌታዬ፣ ብረቱ አግድም ይሁን፤ መሃሉ አንድ ስንዝር ይተውለት። ደግሞ አሁን የወለዱበት ጊዜ ነው።"

"አንተ ጥበቃህን ጠብቅ" አለው ኃላፊው። "ለእነሱ ደኅንነት ተብሎ እኮ ነው!"

በሩን የበየደው የዘበኛው ሚስት ወንድም ነው፤ ምን ያድርግ፣ እንደታዘዘ ሠራ። ጠዋት ተገጠመ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። ኃላፊው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ሲመሽ እናቶቹ ሊወጡ ከውስጥ መጥተው ብረቱ ላይ ተላተሙ። ተመልሰው ይዞራሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። አንዳንዶቹ መሬት ወድቀው ይንፈራገጣሉ። እናት ካልበላች ወተት ከየት ይምጣ? ዘበኛው ኃላፊው ጋ ደወለ።

"ነገ በሥራ ሰዓት አመልክት" አለውና ዘጋበት።

ደሙ ፈላ። ለበያጁ ደወለ፦ "ብረት መጋዝህን ይዘህ ና!"

"አብደሃል እንዴ? የመንግሥት ንብረት እኮ ነው!"

"ናና የሠራኸውን እይ።"

መጣ፤ አየ፤ መጋዙን አወጣ። ማሽን ያስደነግጣቸዋል ብለው በእጅ መጋዝ እየተቀባበሉ ቆረጡ። መዳፋቸው ተላጠ። ሦስተኛው ብረት ሲወድቅ እናቶቹ በላያቸው ጎረፉ፤ ዘበኛው መሬት ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰው፦ "የሌሊት ወፎቹን ደኅንነት ለአደጋ በማጋለጥዎ ከሥራ ተሰናብተዋል።"

"አንተ?!" አለች ሚስቱ ወረቀቱን ነጥቃ። "አንተ ነህ ያጋለጥካቸው? ወይ ጉድ! ዓይን ያወጡ!"

በያጁንም በሩን መልሰህ ጠግን አሉት።

"አግድም ከሆነ ዛሬውኑ እሠራለሁ" አላቸው። "ቁልቁል ከሆነ ሌላ በያጅ ፈልጉ።"

ፈለጉ። አገኙም።