የሳቂታዋ መንታ

ሰውዬው የራሱን ጥላ አያምንም ሲባል ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ እሱም አይክደው። የእንስሳት ሐኪሙ ለክትባት ሲመጣ ውሃ እንዳይሆን ብሎ ጠርሙሱን ተቀብሎ ያሸታል። ወተት ሰብሳቢው መኪና መንገድ ዳር ሲቆም የመለኪያውን ጣሳ ገልብጦ ቂጡን ያያል። ጎረቤቱ «እንዴት አደርክ?» ካለው ምን ፈልጎ እንደሆነ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ሠላሳ አራት ከብቶቹ አመሻሽ ላይ ወደ በረት ሲገቡ ይቆጥራቸዋል፤ ቁጥሩ ከሞላ ደግሞ የሰው ከብት ተቀላቅሎ ይሆናል ብሎ እንደገና ይቆጥራል። አገሩ የከብት አገር ነው፣ ለከብቱ የማይጠነቀቅ የለም፤ የሱ ግን በዛ። ከጊዜ በኋላ ስሙ ተረስቶ «መርማሪው» ሆኖ ቀረ።

ይሄ ሁሉ ምርመራ ታዲያ የበረቱን አጥር አልፎ ወደ ቤት አልገባም። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት፣ መንታ። እነሱን ተጠራጥሯቸው አያውቅም፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ በደንብም አይቷቸው አያውቅም።

የተወለዱ ዕለት እሱ በረት ውስጥ ምጥ የጠናባትን ጊደር እያዋለደ ነበር። አዋላጇ ከቤት ብቅ ብላ «ሴት ልጅ!» ስትለው ዞር ሳይል «እሺ» አለ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ብቅ አለች። «ሴት ልጅ!»

«ያችኑ ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምትነግሪኝ?» ብሎ ተቆጣት።

ሕፃናቱ ቁርጥ አንድ ነበሩ። እሱ ግራ ሲገባው በታላቋ እጅ ላይ ቀይ ክር አሰረ፤ በሳምንቱ ክሩ ሳፋ ውስጥ ተንሳፍፎ ተገኘ። «እንግዲያው እንደ ጊደሮቹ ጆሯቸው ላይ ምልክት እናድርግባቸው» ብሎ ሊቀልድ ቢሞክር ሚስቱ የያዘችውን ማማሰያ ወረወረችበት። እሷ ክርም ምልክትም አላስፈለጋትም። ዓይኗን ጨፍና እንኳ አንዷ ስትተነፍስ የትኛዋ እንደሆነች ታውቃለች።

ከፍ ሲሉ ለአባትየውም መለያ ተገኘለት። አንደኛዋ ሳቀች። ሳቋ ደግሞ አፍ በእጅ ተይዞ የሚሳቅ ዓይነት አልነበረም፤ ሆዷን ይዛ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው። ላም ሲያስነጥሳት ትስቃለች፣ አባቷ ሲቆጣ ትስቃለች፣ ራሷ አዳልጧት ስትወድቅ ገና ሳትነሣ ትስቃለች። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ከብት ነጋዴ ወይፈን እያየ ሳለ የጢሙን አቀማመጥ አይታ እስኪያስለቅሳት ሳቀች፤ ሰውዬው ተቀይሞ ጥሎ ሄደ፣ አባትየውም ገዢ ሄደብኝ ሳይል አብሯት ሳቀ። «ሳቂታዋ» ተባለች። ሌላዋ ዝም ብላ የምታይ ልጅ ነበረች፤ ሲስቁ ታያለች፣ ሲጣሉ ታያለች፣ ከጠየቋት ባጭሩ ትመልሳለች። «ጭምቷ» የሚል ስም ወጣላት፤ እሱንም ግን ብዙ ሰው አይጠራውም፣ «የሳቂታዋ መንታ» ይላታል። ላሞቹን በኮቴያቸው ድምፅ የሚለየው አባት ልጆቹን የሚለየው በሳቅ ብቻ ነበር። ሁለቱም ዝም ካሉ «አንቺ» ብሎ ይጣራል፣ የቀረበችው ትመጣለች።

ሳቂታዋ ለከብት የተፈጠረች ነበረች። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን እርግፍ አድርጋ ትታ ከአባቷ ጋር መስክ መዋል ጀመረች። ዳልቻ የምትባል አንዲት አመለኛ ላም ነበረቻቸው፤ የቀረባትን ሁሉ ትራገጣለች፣ የእንስሳት ሐኪሙን ጉልበቱን ብላው ሁለት ሳምንት ሲያነክስ ከርሟል። ሳቂታዋ ግን የሆነ ያልሆነውን እያወራችላት ሥሯ ቁጭ ስትል ያቺ አመለኛ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ወተቷንም ሳትሰስት ታወርዳለች። ጭምቷ በበኩሏ በትምህርቷ ገፋች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልብስ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ የተበጠሰ የከብት ገመድ የምትቀጥለው እሷ ናት። የሷ ቋጠሮ በዋዛ አይፈታም። የሳቂታዋን ቋጠሮ ግን ላሟ ራሷን ነቅነቅ ካደረገች ትፈታዋለች፤ ስንት ቀን ከብት አስጠፍታ በሳቅ አልፋለች። አባትየው ለዚያ ሁሉ «ልጅ ናት» ይላል። ጭምቷ አንድ ባልዲ ውሃ ስትደፋ ደግሞ «ዓይንሽ የት ነው?» ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው ልቡ አንዷ ጋ ቀረ። ክፉ አለመሆኑ ግን ለጭምቷ ምንም አልፈየደላትም።

ዐሥራ ስድስት ዓመታቸውን በያዙ በክረምቱ መግቢያ ነው ወንዙ የሞላው። ትምህርት ስለተዘጋ ሁለቱም ከብቶቹን ይዘው ማዶ ውለዋል፤ አባትየው ከብት ገበያ ነበር። እነሱ ዘንድ ጠብ ያላለው ዝናብ ላይኛው አገር ጥሎ ኖሮ ደራሽ ውሃ ሆኖ መጣ። ከብቶቹ ተሻገሩ፣ አንድ ጥጃ መሐል ላይ ቀረ። አንደኛዋ ልጅ ጥጃውን ላውጣ ብላ ተመለሰች፣ ውሃው ወሰዳት። ጥጃው ከታች በኩል በራሱ ጊዜ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ተገኘ።

አባትየው ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ሰው ተሰብስቧል። አንዷ በብርድ ልብስ ተሸፍና ተጋድማለች፤ ሌላዋ የቀሚሷ ጫፍ ርሶ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። እናትየው ገና አልደረሰችም። የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ የትኛዋ እንደሞተች የሚያውቅ አልነበረማ።

«ሳቂታዬን ብቻ አትበሉኝ!» ብሎ ጮኸ። «በፈጠራችሁ፣ ሳቂታዬን ብቻ አትበሉኝ!»

የተቀመጠችው ልጅ ዞረች። «አለሁ፣ አባዬ» አለች። «ሳቂታህ አለሁ።»

አቀፋት። ያችኛዋ እግሩ ሥር ተጋድማ እያለች «ተመስገን» አለ። ሰው ሁሉ ሰማው።

ለቀስተኛ በተቀመጠበት አንዲት ጎረቤት «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች? እስቲ ንገሩን፣ ይውጣልዎት» አለችው። አሰበ፣ አሰበ። ስለ ጭምቷ የሚነገር ነገር ፈልጎ አጣ። «ታዛዥ ነበረች» አለ በመጨረሻ። ጎረቤቲቱ ጥቂት ጠበቀች፤ ሌላ አልመጣም። እሱም አፉ ስለ ተፈታ ብቻ የነጋዴውን ጢም ወሬ ጀመረ፣ እሱን ሲጨርስ ሌላ የሳቂታዋን ጨዋታ ቀጠለ። የተረፈችው ልጅ ውሃ እያዞረች ነበር። ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንኳ አልጠረጠረም። ልጅቷ አትስቅም፤ መንታዋን የቀበረች ልጅ በምን አንጀቷ ትሳቅ ይላሉ። ሳቂታ ሲሏት ቶሎ አትዞርም፤ ድንጋጤው ነው ይላሉ። እሱም እንደ ሰዉ ይላል። ነገር ግን መርማሪ መርማሪ ነውና እያደር አልዋጥ አለው።

መጀመሪያ የከነከነው የጥጃው ነገር ነው። ጭምቷ ውሃ ትፈራ ነበር። ቁርጭምጭሚት የማያልፈውን እንኳ የምትሻገረው የእህቷን ቀሚስ ይዛ ነው። ታዲያ ለአንድ ጥጃ ብላ ደራሽ ውሃ ውስጥ ምን አስገባት? ይህን እያሰበ ሳለ ደግሞ አንድ ጠዋት የበረቱን መዝጊያ ሊከፍት ቢሄድ ገመዱ እምቢ አለው። ታገለው፣ በጥርሱ ሞከረው፣ አልሆን ሲለው በቢላዋ ቆረጠው።

«ይሄን ማነው ያሰረው?»

«እኔ» አለች ልጅቷ።

የተቆረጠችውን ገመድ ኪሱ ከቶ ቀኑን ሙሉ ሲያሻት ዋለ።

ከዚያ ወዲህ በዓይኑ ይከታተላት ጀመር። ዳልቻን አትቀርባትም። ቀኝ እጇን በጨርቅ ጠምጥማ «ቆስሏል» ትላለች፤ ሰባት ሳምንት የማይድን ምን ዓይነት ቁስል ነው? በዚያው በታሰረው እጇ ልብስ ታጥባለች፣ ጀሪካን ታነሣለች። ዳልቻን እናትየው እግሯን ጠፍራ ታልባለች፣ የሚገኘውም አንድ ኩባያ አይሞላም። መርማሪው ይህን ሁሉ አየና ሚስቱን ማዕድ ቤት ገብቶ ያዛት።

«ይቺ ልጅ የደበቀችኝ ነገር አለ።»

ሚስቱ ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና አላለችም። «ምን ትደብቅሃለች?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅሽ። አንቺም አለሽበት መሰለኝ።»

«የመረጥካትን አገኘህ አይደል እንዴ?» አለች ቢላዋውን አስቀምጣ። «ሌላ ምን ቀረህ? ልጅቷን ተዋት!»

ሃያ ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ማን ማንን መረጠ ሊላት አፉን ከፈተና ተወው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ ፈራ። ቢጠይቅና ቢያውቅ ሳቂታዋን ሊቀብራት ነው፤ ባይጠይቅ ደግሞ እንጀራ የምታቀርብለት ልጅ ማን እንደሆነች ሳያውቅ ሊኖር ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆኖ ከረመ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳልቻን በረት መሐል አስሮ ልጅቷን ጠራት።

«እለቢያት» አላት።

«እጄ እኮ…»

«እስቲ ፍቺው፣ ልየው።»

ፈታችው። መዳፏ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ባልዲውን አንሥታ ከላሟ ሥር ቁጭ አለች። እናትየው ከቤቱ ደጃፍ ብቅ አለችና እዚያው ቆመች።

ዳልቻ አንገቷን አዙራ የልጅቷን ትከሻ አሸተተች። ለአፍታ ፀጥ አለች። አባትየው ያን ጊዜ ምን እንደመኘ ራሱ ያውቀዋል፤ ትቁም፣ ትታለብ፣ እኔ ውሸታም ልሁን ብሎ ለመነ። ላሟ እግሯን ወረወረች። ባልዲው ተንከባሎ አጥሩ ጋ ደረሰ። ልጅቷ ሄዳ አመጣችው፣ እንደገና ተቀመጠች። ዳልቻ እንደገና ረገጠችው።

«በቃ፣ ተነሽ» አላት። «ሳቂታዬ የታለች?»

«በብርድ ልብስ የተሸፈነችው እሷ ናት፣ አባዬ። ጥጃውን ላውጣ ብላ የገባችው እሷ ናት። እኔ ዳር ቆሜ ተመለሺ እላት ነበር።»

«ታዲያ ለምን? እናትሽ…»

«እማዬ የዛኑ ቀን አውቃኛለች። እኔ ነኝ አትንገሪው ብዬ የለመንኳት።» እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። «ሳቂታዬን ብቻ አትበሉኝ ስትል ሰማሁህ። ምን ልበልህ? ይቅርታ፣ የቀረሁት እኔ ነኝ ልበልህ?»

እበቱ ላይ ዘጭ አለ። ለሳቂታዋ ያላለቀሰው ለቅሶ ገና ያኔ መጣበት። ሊጮኽ አፉን ከፍቶ ቀና ቢል ልጅቷ እያየችው ነው። አታለቅስም፣ አትቆጣም፣ ብቻ ፊቱን ታያለች። እንዲህ ስታየው የዛሬ ብቻ አልነበረም። ቀብሩ ላይ፣ ለቀስተኛው መሐል፣ ገበታ ላይ፣ ቀና ባለ ቁጥር ዓይኗን ፊቱ ላይ ያገኘው ነበር። ማጽናናት የፈለገች መስሎት «አይዞሽ» እያለ አልፏታል። ለካስ ልጅቷ የገዛ ራሷን ለቅሶ ተቀምጣ ስታይ ከርማለች። የከፈተውን አፉን ገጠመ።

«ለአንቺ…» አለ። «ያኔ፣ የሞትሽው አንቺ ነሽ ብዬ… ስንት ቀን አለቀስኩ?»

ጭምቷ ጎንበስ ብላ ባልዲውን አነሣች።

«አንድ ቀን» አለች። «እሱም እስከ ምሳ ሰዓት ነው።»